ጯሂትን ያየን ዕለት

መስከረም 8 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከቀየት

ለእየሩስ ወዳጆ፣ ዓለም ከተማ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔም እናትሽም በጎቹም ደህና ነን። ክረምቱ ከብዶ ነበር፣ አለፈ። ገብሱ እያሸተ ነው።

ደብዳቤሽን የሱፍ ባና ነጋዴዋ ጌታነሽ ከደብረ ብርሃን ይዛልኝ መጣች። ሦስት ቀን ሳልከፍተው አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን እናትሽ «ካልከፈትከው ቄስ ጠርቼ አስነብበዋለሁ» ስትለኝ ከፈትኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ አልተጻጻፍንም፤ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። ከጠየቅሽኝ ልጀምር።

እግሬ ደህና ነው። ጥርሴን አላስነቀልኩም። ፏፏቴዋን ጯሂትን ግን አይቻት አላውቅም። ክረምት ላይ ነፋሱ ከቆላ ሲመጣ ድምጿን እሰማለሁ እንጂ ዓይኔ አላረፈባትም። የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ናት፤ ግን ለእርሻም ለገበያም የማይኬድበት ገደል ነው። ውሃ ሲወድቅ ለማየት ብሎ የሚሄድ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሥራ ፈት።

«በመኪና ጠዋት ወስጄዎት ማታ እመልስዎታለሁ» ያልሽውን አነበብኩት። መኪናው የማን ነው? ሹፌሩስ ማነው? የማላውቀው ሰው በሚነዳው መኪና አልሳፈርም። ጌታነሽ አንቺ ራስሽ ትነጃለሽ ብላኛለች። ሰው ብዙ ይላል።

አንድ ነገር ሳላነሳ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ያን ቀን መልከ ጼዴቅ አንቺን ለልጁ ሊያጭ ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ ደጄ ሲቆም፣ አንቺ በጓሮ ወጥተሽ ሄደሻል። ሽማግሌዎቹን ምን ብዬ እንደመለስኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲህ ስምሽ በፊቴ እንዳይነሳ ለአገሩ ሁሉ ተናገርኩ። አገሩም ቃሌን ጠብቆልኛል። ቂም ላድስብሽ ብዬ አይደለም፤ የሆነውን ነው የምጽፈው።

እሄዳለሁ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።

አባትሽ ወዳጆ

ሽቅብ ሲወጣ መኪናው ውሃ ይፈላበታል ወይ?


መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከዓለም ከተማ

ለውድ አባቴ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደብዳቤዎን የሰጡኝ መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። መኪናው ሞልቶ ተሳፋሪው «እንሂድ እንጂ» እያለ ሲነዘንዘኝ እንደገና አነበብኩት። ያን ቀን ሰውን ሁሉ አስረፍጃለሁ።

መኪናው የእኛ ነው፤ የእኔና የባሌ። ስሙ አንዷለም ይባላል፣ አስተማሪ ነው፤ ምናልባት ሰምተው ይሆናል። መኪናው ሰው አባዱላ የሚለው ሚኒባስ ነው። አሮጌ ነው፤ ከእኛ በፊት ሁለት ሰው ነድቶታል። ሹፌሩን ደግሞ ያውቁታል፤ እኔ ነኝ። የዠማን ወንዝ ቁልቁለትና ዳገት አራት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው ጎድቼ አላውቅም። ውሃውም ይፈላል። ስለዚህ ሁለት ጀሪካን ውሃ ሳልይዝ አልንቀሳቀስም።

ስላነሱት ቀን፤ የሄድኩት ጋሽ መልከ ጼዴቅን ንቄ ወይም ልጃቸውን ጠልቼ አልነበረም። ፊትዎን እያየሁ «አልፈልግም» ለማለት ድፍረት አጣሁ። መሮጡ ቀለለኝ። ባለማግባቴ ይቅርታ አልልም አባዬ፤ በመሮጤ ግን ይቅር ይበሉኝ። እነዚያን ሽማግሌዎች ብቻዎን እንዲመልሱ አድርጌዎታለሁ።

ጯሂት ለምን እንዳማረችኝ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ እነግርዎት ነበር፤ ባይጠይቁኝም ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት ከከተማ የመጡ ሰዎችን ይዤ ወደዚያ ሄድኩ። ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ድረስ ተነስተው ነው የመጡት። አፋፉ ላይ ቆሜ «አባቴ እኮ የዚህ አገር ሰው ነው» አልኳቸው። አንዱ «እሳቸውስ አይተዋታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በልቤ ስጽፈው ነበር።

እሑድ ጥቅምት 9 ይሁን። ውሃው ገና አይጎድልም፣ መንገዱም ይደርቃል። ቅዳሜ ሞላሌ ከተማ መጥቼ አድራለሁ፤ ቅዳሴ እንደወጣ ደጅዎ እደርሳለሁ። አንዷለም አይመጣም። «መጀመሪያ አባትሽን ለብቻሽ አግኚ» አለኝ።

ሌላም የምነግርዎት ነገር አለኝ። ለወረቀት አይሆንም። መኪናው ውስጥ ሳንገባ፣ ደጃፍዎ ላይ ቆሜ እነግርዎታለሁ። ቃሌ ነው።

ልጅዎ እየሩስ


መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከቀየት

ለእየሩስ

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። እሺ ብያለሁ።

በጎቹን የሚያይልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ጎረቤታችን ቄስ አትናቴዎስ «እኔው አያቸዋለሁ፣ አንተ ብቻ ሂድ» ብለውኛል። በጣም ቸኮሉ። መሄዴን የነገርኩት ለእሳቸውና ለአንድ ሌላ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ግን ስምንት ሰው ከቦ የምቀመጠው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ እያለ ጠየቀኝ። ከፊት ነው ብያለሁ። እንዳታሳፍሪኝ።

ሰዉ ምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔ ራሴ ስምሽን ካነሳሁ ወዲህ እኔን ሲያዩ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። እናትሽም እንደ ድሮዋ አይደለችም። ሱፍ ፈትላ ሸማኔ ዘንድ ወስዳ ባና አሠራች፤ ባናው ከወንበር መቀመጫ አይበልጥም። «ይህ ለማን ይሆናል?» ስላት «ለጉልበትህ ነው፣ መኪና ውስጥ ይበርድሃል» አለችኝ። አርባ ዓመት አብሬያት ስኖር ስለ ጉልበቴ ስትጨነቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

እንቅልፍ ነስተሽኛል። እሑድን ሳስብ እንደ ልጅ ያደርገኛል፤ ይህን ለሰው እንዳታወሪ። ኮቴን አሳጥቤአለሁ። ለመንገድ በሶና ቆሎ አዘጋጅተናል። ገደሉ አፋፍ ድረስ መኪና ይደርሳል ወይስ በእግር ነው? በእግር ከሆነ ዱላዬን እይዛለሁ።

ልትነግሪኝ ያሰብሽው ነገር ሕመም ከሆነ ግን አታቆዪው፤ አሁኑኑ ጻፊልኝ። ሌላ ከሆነ ይቆይ። ፊት ለፊት ካልሽ ፊት ለፊት ይሁን።

አባትሽ ወዳጆ


ጥቅምት 13 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከዓለም ከተማ

ለውድ አባቴ

በሰላም ገብተናል። ሰኞ ማታ ደረስን። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

አባዬ፣ ቃሌን በላሁ። ደጃፍዎ ላይ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ከሞላሌ እስከ ቤታችን ድረስ ብቻዬን ስለማመደው ነው የመጣሁት። ስደርስ ግን ኮትዎን ለብሰው፣ ዱላዎን ይዘው፣ በሩ ላይ ቆመው አየሁዎት። ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊትዎ ሲስቅ አየሁ። ያን ሳቅ ላጠፋው ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር አጎንብሰው «ይህቺስ ማን ናት?» አሉኝ። እኔም «የጎረቤት ልጅ ናት፣ አደራ ተሰጥታኝ ነው» አልኩ። ለምን እንዳልኩት እስካሁን አላውቅም። እማዬ ከኋላዬ ቆንጥጣ «ምነው ልጄ» አለችኝ።

ገሊላ የጎረቤት ልጅ አይደለችም። የእኔ ልጅ ናት፤ የልጅ ልጅዎ ናት። ጥር ላይ አምስት ዓመት ይሞላታል። ክርስትና ስትነሳ ወደ እርስዎ ሰው ልኬ ነበር፤ መልእክተኛው አፉን ሳይከፍት «የእሷን ወሬ አልሰማም» ብለው መለሱት። ሁለተኛ ለመላክ ልቤ አልደፈረም። እማዬ ግን ታውቃለች። ያን ትንሽ ባና ለማን እንዳሠራች አሁን ይገባዎታል። ባናውን አልብሳ እስከ መንገዱ መጨረሻ ከእቅፏ አላወረደቻትም፤ እርስዎ ግን በየመንገዱ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ በመስኮት እጅ እያነሱ ስለነበር ወደ ኋላ አልዞሩም። እንዲያ ደስ ብሎዎት አይቼ አላውቅም። ማርሽ ስቀይር እጄን እያዩ «በርቺ» ሲሉኝ መንገዱ ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር።

ሌላም የምናዘዘው አለኝ። መንገዱ ያለቀበት ሜዳ ላይ የኋላው ጎማ ተንፍሶ ማግኘታችን እውነት ነው። እኔ ግን ጎማ በሩብ ሰዓት እቀይራለሁ። ገሊላ «ውሃው ይጠራኛል» ብላ አላስቆም ስትል፣ እርስዎም «እኔ እይዛታለሁ» ሲሉ፣ መኪናውን በክሪክ አንስቼ መልሼ አወረድኩት። ስኮርታውን፣ ትርፉን ጎማ፣ ገጠምኩ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ገጠምኩ። እማዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «ኪዳነ ምሕረት፣ ብሎኑን አጥብቂው» እያለች ትጸልይ ነበር። ሁለታችንም እናንተን ለብቻችሁ ለመተው ሰዓት እየሰረቅን ነበር። የእኔን ሥራ ለአራት ዓመት ሕፃን ተውኩት። ያን ጊዜም ሮጥኩ ማለት ነው።

ስትመለሱ እጅ ለእጅ ተያይዛችኋል። ሱሪዎ እስከ ጉልበት ረጥቧል። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚያ አራታችንም አብረን ሄድን፤ እኔ ግን ውሃውን አላየሁም፣ የእርስዎን ፊት ነበር የማየው። ማታ ቤት ሳደርስዎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ወርደው በቀጥታ ወደ በጎቹ በረት ገቡ። ጠበቅን። አልወጡም። ሊመሽብን ስለሆነ ሄድን።

ገሊላን «ከአባባ ጋር ምን አወራችሁ?» ብዬ ብጠይቃት «አልናገርም፣ የእሱና የእኔ ነው» ትለኛለች።

አባዬ፣ ምን እንዳሉ ይንገሩኝ። ቁጣም ቢሆን ይጻፉልኝ።

እየሩስ


ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከዓለም ከተማ

ለውድ አባቴ

መልስ አጣሁ። ትናንት ደብረ ብርሃን ደርሼ ጌታነሽን አግኝቻት ነበር። «አባቴ እንዴት ነው?» ስላት «ደህና ናቸው፤ ግን ሰሞኑን ሥራቸውን ትተው ከሰው ቤት ሰው ቤት ይዞራሉ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ሳቀች እንጂ።

አመመዎት እንዴ? ወይስ በእኔ ምክንያት ከሰው ተጣሉ? አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

እየሩስ


ጥቅምት 25 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከቀየት

ለልጄ ለእየሩስ

እንደምን አለሽልኝ? ገሊላስ እንዴት ናት? ሁለቱም ደብዳቤሽ ባንድ ቀን ደረሰኝ። አልታመምኩም። ከሰውም አልተጣላሁም፤ መጣላት ግን ይገባኝ ነበር።

ምን እንዳወራን ልንገርሽ። ገሊላ ይቅር ትበለኝ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እጄን ሳልሰጣት ራሷ ያዘችኝ። ትንሽ ሄደን «አንተ ስምህ ማነው?» አለችኝ። ከልጅ አፍ አንተ ስባል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ወዳጆ» አልኳት።

ቆመች። «እናቴም እኮ ወዳጆ ናት። እየሩስ ወዳጆ።»

«እናትሽ ማናት?»

«ጎማ የምትቀይረው ናት።»

እኔም ቆምኩ። «አንቺስ?»

«እኔ ገሊላ አንዷለም። ወዳጆ የእናቴ አባት ነው። ሩቅ ነው ያለው፤ ሥራ በዝቶበት ነው የማይመጣው።»

እየሩስ፣ ለልጅሽ ይህን ነው የነገርሽያት። ሥራ በዝቶበት ነው ብለሽ። እኔ ስምሽን ከልክዬ ሳለሁ፣ አንቺ «አባቴ ክፉ ነው» ብለሽ የነገርሻት አንድ ቃል የለም።

«ሥራው አለቀ» አልኳት። እሷም «እሺ፣ እንግዲያው እንሂድ» ብላ ጎተተችኝ።

አፋፉ ላይ ደረስን። ልጄ፣ ሰው ለምን ያን ያህል እንደሚደክም ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃው ከጫፉ ሲነሳ ውሃ ነው፤ ግማሽ ገደል ሳይወርድ ጉም ይሆናል፤ ከታች ደግሞ እንደገና ውሃ ሆኖ ይሄዳል። ቀስተ ደመናው ከእግራችን በታች ነበር። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በደረት ይገባል። ከላይ አሻግሬ ወንዙ የመጣበትን ሳይ የእኛኑ ምንጭ ሸለቆ አወቅኩት። በጎቼን የማጠጣበት፣ ክረምት ካልሆነ ጉልበት የማይሞላው ምንጭ ነው እዚያ ደርሶ እንዲያ የሚሆነው። ስልሳ ስምንት ዓመት አጠገቡ ኖሬ መጨረሻውን አላውቅም ነበር። ገሊላ እንድትቀርብ ስትጎትተኝ፣ እኔ ወደ ኋላ ስጎትታት፣ ጉሙ መጥቶ ሁለታችንንም አለበሰን። እየጮኸች ሳቀች። እኔም ጮህኩ መሰለኝ፤ በዚያ ድምፅ መሃል ማን ይሰማኛል ብዬ።

ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። አፌን ብከፍት ላለቅስ ነበር፤ በእናትሽ ፊት አልፈለግሁም። በረት የገባሁት ለዚያ ነው። በግ ለምን ታለቅሳለህ ብሎ አይጠይቅም። ስወጣ መኪናሽ የለም። እስከ መንገዱ ሮጬ ነበር።

በማግስቱ አያት መሆኔን ለአገሩ ልናገር ተነሳሁ። መጀመሪያ ቄስ አትናቴዎስ ቤት ገባሁ። «አባ፣ የልጅ ልጅ አለኝ» አልኳቸው።

«ጥር ላይ አምስት ዓመት ይሞላታል» አሉኝ።

የሚቀጥለው ቤት ሄድኩ። ስሟን ሳልናገር ጠሩልኝ። ሦስተኛው ቤት ሴቲቱ ክርስትና ስትነሳ የላከችውን ቀሚስ ቀለም ነገረችኝ። አገሩ ሁሉ ያውቃል። አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር እኔን ብቻ ሲደብቁኝ ኖረዋል። ተቆጥቼ «ምነው አትነግሩኝም ነበር?» ብል አንዱ ሽማግሌ «ስሟን እንዳታነሱ ብለህ የማልከው አንተ ነህ። ልጅቷ ያለ እናቷ ስም እንዴት ትነገር?» አለኝ። የዘጋሁት በር እኔኑ ነው ውጭ ያስቀረኝ።

የጎማውን ነገር ይቅር ብዬሻለሁ። እንዲያውም ቶሎ ጨርሰሽው ቢሆን ነበር የምቀየምሽ።

አንድ ቤት ብቻ ቀርቶኛል። የመልከ ጼዴቅ። እዚያ ለመሄድ እግሬ ከበደኝ።

አባትሽ ወዳጆ


ኅዳር 1 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከዓለም ከተማ

ለውድ አባቴ

ደብዳቤዎን አንዷለም ጮክ ብሎ አነበበልን። ሁለት ቦታ ላይ ማንበብ አቅቶት ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም አቅቶኝ መልሼ ሰጠሁት። ገሊላ ምስጢሯ በመውጣቱ ተቀይማ ነበር፤ «እኔም ጮህኩ» የሚለው ሲነበብ ግን ተነስታ ቤቱን ዞረችው። አሁን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አባባ ከውሃው በላይ ጮኸ እያለች ነው።

ጋሽ መልከ ጼዴቅ ዘንድ ብቻዎን አይሂዱ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለገና እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ አብረን ሄደን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ ጊዜ አልሮጥም።

ደግሞ አንዷለም አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል። ሊያይዎት ይፈልጋል፤ ግን በጣም ይፈራዎታል። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ እርስዎ ምርቃት ነው ያገባኝ። በምን ፊቴ ልቁም ይላል። ምን ልበለው?

ልጅዎ እየሩስ


ኅዳር 8 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከቀየት

ለልጄ ለእየሩስ፣ ለገሊላ፣ ለአንዷለምም

ሁላችሁም እንደምን አላችሁ? እኛ አጨዳ ላይ ነን፤ ገብሱ ዘንድሮ ሰጥቷል።

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ መልከ ጼዴቅ ዘንድ ሄጃለሁ። ማሳው ላይ ሲያጭድ አገኘሁት። ሰባት ዓመት በቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ እንተያያለን እንጂ አንነጋገርም ነበር። ምን እንደምል ስላላወቅኩ ማጭዴን አውጥቼ ከጎኑ ማጨድ ጀመርኩ። እስከ ቀትር ድረስ አጨድን። ጥላ ስር ስንቀመጥ ውሃ ሰጠኝ።

«ልጅቷን አየኋት» አልኩት።

«አደገች?» አለኝ።

እሱም ያውቃል። ከማወቅም በላይ ነው። ክርስትና ስትነሳ እናትሽ «ከአገር ሰው ነው» ብላ የላከችልሽ ሙክት የእሱ በግ ነበር። በእናትሽ እጅ የላከው እኔ እንዳልሰማ ብሎ ነው።

«አልተቀየምክም ነበር?» አልኩት።

«አንድ ሳምንት ተቀይሜአለሁ» አለኝ። «ልጄ በዓመቱ ሌላ አገባ፤ ዛሬ ሦስት ልጅ አለው። ደስ ብሎት ይኖራል። አንተ ግን ስለ እኔ ክብር ብለህ ልጅህን ተውክ። እኔ ይቅር ብያለሁ ብልህ ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ነው የተቆጣሁት ብለህ እንዳታዝን ፈራሁ። እንዲህ ስፈራህ፣ አንተም ስታፍርብኝ፣ ሁለታችንም ሸበትን።»

ለገና እግሩ ላይ እወድቃለሁ ያልሽውን ነገርኩት። «እኔስ መውደቅ አልወድም፤ ልጇን ይዛ ትምጣና ቤቴ ምሳ ትብላ» ብሏል።

እኔ ግን ገና እስኪደርስ አልጠብቅም። የእሱም የእኔም ማሳ እስከ ሚካኤል ይነሳል፤ ሁለታችን ተረዳድተናል። ከሚካኤል ማግስት፣ ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ከእናትሽ ጋር ተነስተን ደብረ ብርሃን ጌታነሽ ዘንድ እናድራለን። እሑድ በአውቶቡስ እንመጣለን። የዠማን ቁልቁለት እፈራለሁ፤ ግን አንቺ አራት ዓመት የተመላለስሽበትን መንገድ አንድ ቀን ማየት አለብኝ። እናትሽ ከአሁኑ ሻንጣ አስራ ቁጭ ብላለች። በቀን ሦስቴ ፈትታ ታስረዋለች።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ጠብቁን። ባልሽም ከእናንተ ጋር ይቁም። አትፍራ በይው፤ እኔም እሱን እየፈራሁ ነው የምመጣው።

አባትሽ ወዳጆ